የማይወልቀው ካፖርት

ጂፑ ወንዙ መሀል ሲደርስ አጉረመረመ፣ ተንዘፈዘፈና ቀጥ አለ። ሾፌሩ መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «በቃ፣ ጠጣች» አለ።

ከኋላ ወንበር ላይ ጆንያዋን እንደ ጨቅላ ታቅፋ የተቀመጠችው እማማ መርፌ እግሮቿን ወደ ላይ ሰበሰበች። ውሃው በበሩ ሥር ሾልኮ መግባት ጀምሮ ነበር።

«ደግሞ ማን ጠጣ?» አለች ደንግጣ።

«ጂፗ ናታ እማማ! እኔማ ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዬ ደርቋል።»

«ቀልዱን ተወውና ንዳ፣ አንተ ልጅ። ፀሐይዋ ቆማ አትጠብቀንም።»

የፀሐይዋ ነገር ለእማማ መርፌ የዋዛ አልነበረም። ከወንዙ ባሻገር ያለውን አውራጃ ሰው ሁሉ በአጭሩ «ማዶ» ይለዋል። ማዶ የእኛ ነው፣ የለም የእኛ ነው እያሉ ሁለት መንግሥታት ዓመታት ሙሉ ተጋድለውበታል። አሁን ከዚያ ሁሉ አገር ለዚህኛው ወገን የቀረው አንድ ራሰ በራ ኮረብታ ብቻ ነው። ትናንት ስምምነት ተፈረመ። ኮረብታው ላይ ያሉት ወታደሮች ዛሬ ጀንበር ሳትጠልቅ ከወረዱ የሚነካቸው የለም፤ ካልወረዱ ግን ዙሪያውን የተደገነው የጎረቤት መድፍ ሥራውን ይጀምራል። ከወታደሮቹ አንዱ የእማማ መርፌ የልጅ ልጅ ነው፤ እናቱ ጥላው ከሞተች ወዲህ በመርፌ ጫፍ ያሳደገችው፣ በቅጥነቱ «ጭራሮ» የሚሉት።

ወታደሮቹ ግን አንወርድም አሉ። በስልክ ትእዛዝ አንወርድም፣ በወረቀትም አንወርድም፤ ባለፈው ሳምንት የሚኒስትሩን ድምፅ አስመስሎ በሬዲዮ «እጃችሁን ስጡ» ያለን ሰው ነበር፤ እንግዲህ ሚኒስትሩ ራሳቸው ካፖርታቸውን ለብሰው ኮረብታው ግርጌ ይቁሙና በመነጽር እንያቸው፤ እሳቸው ውረዱ ካሉ እንወርዳለን ብለው ላኩ።

ሚኒስትሩ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከተነሡ ጀምሮ ቃል አልተነፈሱም። አሁን ድንገት በሩን ከፈቱ።

«ክቡርነትዎ! አይውረዱ! ካፖርቱ!» ብሎ ጮኸ ከእማማ መርፌ ጎን የተቀመጠው ጸሐፊያቸው።

እሳቸው ግን አንድ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ። የረገጡት ድንጋይ ከዳቸውና እስከ ደረታቸው ጭቃ ውስጥ ተቀመጡ።

እኚህ ሰው ድሮ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ካርታ ሲስሉ ማዶን በቀይ ጠመኔ ጥቅጥቅ አድርገው ይሞሉት ነበር አሉ። ቆይተው የምክር ቤት አባል ሆኑ፤ «እስቲ እንነጋገር» የሚል ሰው በተነሣ ቁጥር ንግግሩን የሚያቋርጡት እሳቸው ነበሩ። አንድ ብርዳማ ቀን በታላቁ አደባባይ በሕዝብ ፊት ቆመው «ማዶ እስኪመለስ ድረስ ይህን ካፖርት ከትከሻዬ አላወልቅም!» ብለው ማሉ። ሕዝቡ አበደላቸው። «አይወልቄ» የሚል ስም አወጣላቸው። የቀድሞውን የጦር ሚኒስትር «በየሰው ሳሎን ኮቱን የሚያወልቅ» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ከወንበሩ ጣሉትና እሳቸው ተቀመጡበት። በሐሩር ቢሆን፣ በሠርግ ቢሆን፣ በለቅሶ ቢሆን፣ ካፖርቱ ከላያቸው አልወረደም። ሰው መቼም ጉደኛ ነው፤ መኝታ ላይስ ብሎ የጠየቀ የለም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ካፖርት ደግሞ ይሸታል። ስለዚህ ከመሐላው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ልብስ ሰፊዋ እማማ መርፌ በጓሮ በር ተጠርታ፣ ከዚያው ከመጀመሪያው ጣቃ ጨርቅ ሁለተኛ ካፖርት እንድትሰፋ ታዘዘች። አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። መስፋቱ ቀላሉ ሥራ ነበር፤ ከባዱ ማስረጀቱ ነው። የአዲሱን ክርን በጡብ ፈገፈገች፣ ኮሌታውን ፀሐይ ላይ አወየበች። ባንዱ ላይ የሲጋራ ረመጥ ከወደቀ የሌላውን እዚያው ቦታ ላይ በጋለ ሽቦ ትነካዋለች። አንዱ ቁልፍ ከጣለ ከሌላውም ቆርጣ ትጥላለች። መንታ ልጆችን ሳያበላልጡ እንደማሳደግ ነው፤ ያውም አንደኛው ተወልዶ ጥርስ ካበቀለ በኋላ የመጣ መንታ።

ምስጢሩን የሚያውቁት ሚኒስትሩ፣ ጸሐፊውና እሷ ብቻ ናቸው። ሾፌሩ አያውቅም። ማለት፣ ማወቁን ሁሉም ያውቃል፣ ግን አያውቅም ተብሎ ስምምነት አለ። ስለዚህ ጂፑን ገፍተው ዳር ሲያወጡት፣ ጸሐፊው «እስቲ ሞተሩን እየው» ከማለቱ ሾፌሩ ክዳኑን ከፍቶ አንገቱን ቀበረ፤ በዕድሜው ሞተር አይቶ እንደማያውቅ ሰው ተመስጦ ቀረ።

እማማ መርፌ ጭቃ የጠጣውን አውልቃ ደረቁን ከጆንያው አወጣችና ያንን በምትኩ ከተተችው። እጇ ይቆልፋል፣ ዓይኗ ግን ኮረብታው ላይ ነው። ጭስ የለም። ተኩስ የለም። እህል ቀምሶ ይሆን? ሹራቡን ደርቦ ይሆን? ሊሄድ የቆረጠ ዕለት ሹራብ እንዲይዝ ስትለምነው «ያ ሰውዬ ይህን ሁሉ ዓመት በአንድ ካፖርት ሲኖር፣ አንቺ ለእኔ ሹራብ ትቆጥሪያለሽ!» ብሎ ስቆባት ነበር። ካፖርቱ እኮ ሁለት ነው ልትለው ጫፍ ደርሳ ምላሷን ነከሰች። የመንግሥት ምስጢር ነዋ! ከዚያ ወዲህ ስንት ሌሊት ተገላብጣ ያን ያልወጣ ቃል አመነዠከችው።

«እማማ፣ አነቁኝ እኮ» አሉ ሚኒስትሩ።

«ይቅርታ ጌታዬ። እጄ አብዝቶ ነው» ብላ የኮሌታውን ቁልፍ አላላች።

ሞተሩ ደርቆ ሲነሣ ጉዞው ቀጠለ። ኮረብታው ግርጌ ባዶ የኬላ ቤት አለ፤ ድሮ ቀረጥ ይሰበሰብበት የነበረ፣ ባለ ሁለት ክፍል። ከኋላው ወታደሮቹን የሚጭኑ ካሚዮኖች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ፊተኛው ክፍል ውስጥ የመስክ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ሽቦው በመስኮት ወጥቶ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ወደ ላይ ይሄዳል። ጸሐፊው እጀታውን አዞረ።

«ሃሎ ኮረብታ!»

«ኮረብታ ነኝ፤ ማን ልበል?» አለ የጎረነነ ድምፅ።

የእማማ መርፌ ጆንያ ከእጇ ወደቀ። ጭራሮ ነው! ስልክ ላይ እንደመደቡት ሰምታ ነበር። ድምፁ ተዘግቷል፤ ጉንፋን ይዞታል፤ አላልኩም? ወደ ስልኩ ስትጠጋ ጸሐፊው በክርኑ ገፋ አደረጋት።

«ሥራ ላይ ነን፣ እማማ!»

ሚኒስትሩ ወጡ። ከኬላው ፊት ለፊት እስከ ኮረብታው እግር ድረስ ገላጣ ሜዳ ነው። መሀሉ ላይ ቆሙና አደባባይ ላይ እንደሚያደርጉት ቀኝ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ነፋሱ የካፖርቱን ዘርፍ ያርገበግበዋል።

«ዛሬስ ራሳቸው ሐውልታቸውን መሰሉ» አለ ሾፌሩ ከበሩ ሥር።

ስልኩ ጮኸ። አሁን የኮረብታው አዛዥ ሻምበሉ ነው፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

«ያ ሰውዬ ማን ነው?»

«ምን ማለትህ ነው? ክቡር ሚኒስትሩ ናቸዋ!» አለ ጸሐፊው።

«ባለፈው ሰሞን ገበያ መሀል ሲተኮስባቸው ጥይቷ ያለፈችው በግራ እጅጌያቸው ነው። ካፖርቱ ከተጣፈ በኋላ የተነሡት ፎቶግራፍ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፤ እኛም እዚህ ግድግዳችን ላይ ለጥፈነዋል። የእናንተ ሰውዬ የተጣፈው ቀኙ ነው።»

ጸሐፊው ግንባሩን ጠረገ። «እ... ጋዜጣው ፎቶውን ገልብጦ አትሞት ይሆናላ!»

«ከጀርባቸው ያለው የሱቅ ማስታወቂያ ግን አልተገለበጠም፤ ቁጭ ብሎ ይነበባል። ስማ ወንድሜ፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም። ለላከህ ንገረው፦ ድምፅ ማስመሰል ተክናችኋል፣ ስፌት ግን ይቀራችኋል። ያ ሰውዬ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቢል እንተኩሳለን።»

ስልኩ ተዘጋ። እማማ መርፌ በመስኮቱ አሻግራ አየች። ቀኝ። ያቺ ክብ እራፊ፣ ዙሪያዋን በጥቁር ክር ቀጥቅጣ የሰፋቻት የገዛ እጇ ሥራ፣ ቀኝ እጅጌ ላይ ቁጭ ብላለች።

እንዴት እንደሆነ ወዲያው ገባት። ጥይቷ ገበሩንም ቀድዳ ስለነበር ሥራውን የጀመረችው ከውስጥ ነው። ሁለተኛውን ካፖርት ገልብጣ፣ ገበሩን ወደ ውጭ አውጥታ ከመጀመሪያው ጎን ዘረጋችው። የተገለበጠ ልብስ ግራው ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ይህን መርፌ በያዘ ማግሥት ጀማሪ ያውቀዋል። እሷም ብትሆን ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅላ ሳታስተያይ አጣጥፋ አታውቅም። ያን ቀን ግን እነጭራሮ ኮረብታው ላይ ሊከበቡ ነው የሚል ወሬ መጣ። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ልብሱን ጠቅልላ ከተተችው። ዛሬ ወንዙ ዳር ስታለብሳቸውም ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። እንግዲህ ልጇ ከኮረብታው ካልወረደ፣ ያስቀረው ለሱ መጨነቋ ነው ማለት ነው? ይህን እንዴት አድርጎ ሰው ያስበዋል?

ሚኒስትሩ ተመልሰው ገቡ። «ምንድን ነው? ለምን አይወርዱም?»

እማማ መርፌ መሬት ላይ ተንበረከከች።

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ገልብጬ ሰፋሁት። ግራውን ቀኝ አደረግሁት።»

ሚኒስትሩ ቀኝ እጅጌያቸውን አዩ፤ ግራውን አዩ፤ ደግመው ቀኙን አዩ። «ጥይቱ በየትኛው ነበር?»

«በግራው ጌታዬ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

የገዛ ክንዳቸው ሆኖ አላስታወሱትም። ጥቂት ቆመው አሰቡና «እንግዲያው ሌላውን አምጡልኝ» አሉ።

«አይሆንም ክቡርነትዎ» አለ ጸሐፊው። «ስሕተቱን የነገሩን እነሱ ናቸው። አሁን ግራው ተጥፎ ቢያዩ ‹ነገርናቸውና አረሙት› ይላሉ። ያኛው ደግሞ ጭቃ በጭቃ ነው።» በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምናልባት እንዲህ መሆኑ ይሻል ይሆናል። እርስዎ መጥተዋል፣ ሰው ሁሉ አይቷል። አንወርድም ካሉ ጀግኖች ናቸው። በጀግና መቃብር ላይ ፓርቲያችን ዕድሜ ልኩን ቆሞ ይናገራል። ካፖርቱም አይወልቅ።»

እማማ መርፌ ከተንበረከከችበት ቀና አለች።

«የማን መቃብር?» አለች።

የሚኒስትሩን ፊት አየች። ያን ፊት ዓመታት ሙሉ ከአገጩ ሥር ስትቆልፍ ኖራለች፤ አሁን ግን እሺ ይበል እንቢ፣ አዝኖ ይሁን አስልቶ፣ ምንም አላነበበችበትም። ሰውየው መስኮቱን ያያሉ። ፀሐይዋ የኮረብታውን ትከሻ ነክታለች።

ዘላ ተነሣችና ስልኩን ያዘች። በዕድሜዋ ስልክ ነክታ አታውቅም፤ እጀታውን እንደ ስፌት መኪናዋ አሽከረከረችው።

«ኮረብታ ነኝ።»

«ጭራሮ! እኔ ነኝ!»

«እማማ? እማማ፣ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሹራብህን ለብሰሃል?»

«እማማ!»

«እሺ፣ እሺ። ስማኝ ልጄ። ሰውየው እውነተኛው ነው። ካፖርቱ ሁለት ነው። ሁለቱንም የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ እጅጌውን ያሳሳትኩትም እኔ ነኝ። በል ለአለቃህ ንገርና ውረዱ።»

ሽቦው ለረጅም ጊዜ እዝዝ አለ።

«ድሮም እንዲህ ነሽ» አለ በመጨረሻ።

«እንዴት ነኝ?»

«መልማዩ ቤት ሲመጣ ‹የሚጥል በሽታ አለበት› ያልሽው ማን ነው? ጫማዬን ዱቄት ውስጥ የቀበርሽው ማን ነው? ጣቢያ ድረስ መጥተሽ ‹አባትህ ሞተ› ብለሽ በሰው ፊት አስለቀስሽኝ፤ መልኩን እንኳን ለማላውቀው አባት! አሁን ደግሞ ካፖርቱ ሁለት ሆነ። እኔን ለመመለስ የማትዪው ነገር የለም።»

«ያ ውሸት ነበር ልጄ። ይሄ እውነት ነው።»

«በምን ልለየው?»

እማማ መርፌ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። እውነትም በምን ይለየዋል? በተመሳሳይ ድምፅ ነው የምትዋሸውም የምትምለውም።

«እማማ...» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «ሁለት ከሆነ፣ ወፍራሙ ለየትኛው ሞተ?»

ወፍራሙ የጎረቤት ልጅ ነው። የትምህርት ቤት ቁምጣውን በየዓመቱ የምታሰፋለት እሷ ነበረች፤ «ይሄ ልጅ ጨርቅ ነው የሚበላው» እያለች። መሞቱን አልሰማችም ነበር።

«ወፍራሙ ሞተ?» አለች። ስልኩ ግን ተዘግቷል።

በዚያች ጠባብ ክፍል ያልተሰማ ቃል አልነበረም። ሚኒስትሩ ከመስኮቱ ዞሩ።

«እማማ፣ ጆንያውን ይስጡኝ።»

ጸሐፊው በሩ ላይ ቆመ። «ክቡርነትዎ፣ እባክዎ! አገሪቱ የቆመችው በዚህ ካፖርት ነው!»

«እንግዲያው ትቀመጥ። ደክሟታል» አሉና አልፈውት ወጡ።

ሜዳው መሀል ደርሰው ጆንያውን አወረዱና ቁልፎቹን መፍታት ጀመሩ። አልቻሉም። ይህን ሁሉ ዓመት የሚቆልፍላቸውና የሚፈታላቸው ሌላ ሰው ነበርና ጣታቸው ሥራውን ረስቶታል። አንዱን ቁልፍ ታገሉት፣ ተዉት፣ ሌላውን ያዙ። ከዚያ ወደ ኬላው ዞረው «እማማ!» ብለው ተጣሩ።

እማማ መርፌ ወጣች። ሾፌሩ «ቀስ ይበሉ፣ እጅዎን ያሳዩአቸው» አላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ። መዳፎቿን ዘርግታ ተራመደች። ከላይ ስንት ጠመንጃ እንዳነጣጠረባት አታውቅም፤ ከነዚያ አንዱ በጭራሮ እጅ መሆን አለመሆኑንም አታውቅም። ደረሰችና ከኮሌታው ጀመረች።

«አይፈሩም?» አሉ ሚኒስትሩ።

«እፈራለሁ እንጂ ጌታዬ። ዛሬ ከመፍራት ሌላ የሠራሁት ሥራ የለም።» አንድ ቁልፍ ፈታች። «ለምን መጡ ግን? ሚኒስትሮቹ ሲፈርሙ አልስማማም ብለው ወጥተው ነበር አሉ። ቤትዎ ቁጭ ቢሉ ማን ይወቅስዎት ነበር?»

«እንጃ እማማ። መንገዱን ሁሉ ስጠይቀው የመጣሁት እሱን ነው።» ቆም አሉ። «ያን ዕለት አደባባይ ላይ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ለጥቂት ቀን ልለብሰው ነበር ያሰብኩት። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ማን ያውልቀው?»

እጅጌውን ይዛ ሳበች። ካፖርቱ ሲወርድ የሚኒስትሩ ትከሻም አብሮ ወረደ፤ ለካ ያ ሰፊ ትከሻ በጥጥ የሞላችው የእሷ ስፌት ነበር። ሸሚዝና የሱሪ ማንገቻ ብቻ የለበሱ፣ ደረታቸው ወደ ውስጥ የገባ፣ አንድ ሽማግሌ መምህር ሜዳው ላይ ቀሩ። እማማ መርፌ ራሷ ሁልጊዜ እያወለቀችላቸው ሰውየው እንዲህ ትንሽ መሆናቸውን አላየችም ነበር። ሁልጊዜ የምታየው ልብሱን ነው።

ሁለቱን ካፖርቶች ሣሩ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው፤ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ ጭቃ፤ የአንዱ ግራ፣ የሌላው ቀኝ እጅጌ ተጥፎ። ሚኒስትሩ በመሀላቸው ቆሙ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

ከላይ ጩኸት ተነሣ። ተኩስ አልነበረም፤ የሰው ጩኸት ነው፤ ብዙ ሰው ባንዴ የሚናገርበት፣ ማንም ማንንም የማይሰማበት። እማማ መርፌ ከመሀሉ የጭራሮን ድምፅ ለመለየት ጆሮዋን አቀናች፤ ሁሉም የሱ መሰላት። ፀሐይዋ ግማሽ ሆነች።

መጀመሪያ የወረደው አንድ የሚያነክስ ወታደር ነው። ከዚያ ሁለት ተደጋግፈው። ከዚያ ተግተልትለው መጡ፤ አልተሰለፉም፤ ሰላምታ የሰጠም የለም። ሚኒስትሩ አጠገብ ሲደርሱ ግማሾቹ ቆመው ካፖርቶቹን አዩ፤ ግማሾቹ በሌላ በኩል ዞረው ሄዱ። አንዱ «አላልኩህም? ሐሰተኛው ነው» አለ። ጓደኛው «ሐሰተኛ ቢሆን ያወልቀው ነበር?» አለው። እየተከራከሩ አለፉ።

ሻምበሉ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም እጅጌዎች በጣቱ ዳሰሰ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሚኒስትሩን ከእግር እስከ ራስ አያቸው።

«እውነተኛው ነዎት ወይስ አይደሉም?»

«ለምን ወረድክ፣ ሳታውቅ?» አሉ ሚኒስትሩ።

«እኔ አልወረድኩም። ያ የስልክ ልጅ አያቱ ያለችውን ለጓደኞቹ ነገረ፤ ወዲያው እርስዎ አወለቁ። ግማሹ ‹ይህማ እሱ ሊሆን አይችልም› አለ፣ ግማሹ ‹ይህማ እሱ ብቻ ነው› አለ። ዞር ስል መትረየሱ ላይ ሰው የለም፤ ሁሉም ቆሞ ይጨቃጨቃል። የሚጨቃጨቅ ጦር ኮረብታ አይዝም።» ኮፍያውን አስተካከለ፤ ሰላምታ ሊሰጥ እጁን አነሣና መሀል ላይ ተወው። «ማንም ይሁኑ ማን፣ ይቀዘቅዝዎታል» ብሎ ሄደ።

ጸሐፊው ከኬላው መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ሬዲዮ ጣቢያው በካሚዮኑ መገናኛ እየጠየቀ ነው። ምን እንበላቸው?»

«ወለቀ በላቸው» አሉ ሚኒስትሩና ወደ ጂፑ ሄዱ። ሾፌሩ የራሱን ጃኬት አውልቆ ዘረጋላቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ እጅጌው ለመክተት ሞከሩ፤ በየትኛው እጅጌ እንደሚጀምሩ እንኳን ጠፋቸው።

እማማ መርፌ ይህን አላየችም። ጭራሮን አግኝታዋለች። ከካሚዮኖቹ አጠገብ ቆሟል፤ የስልክ ሣጥኑን በትከሻው አንግቷል፤ ጺም አብቅሏል። ሹራብ አልለበሰም። ሮጣ ፊቱን፣ አንገቱን፣ ክንዱን ዳሰሰች፤ የጎደለ ነገር እንዳለ እንደምትፈልግ። አልከለከላትም፤ አላቀፋትምም።

«ሲሸኙን አስታውሳለሁ» አለ ካፖርቶቹን እያየ። «ሚኒስትሩ በሰልፉ መሀል ሲያልፉ፣ እኔና ወፍራሙ ዘርፉን ነካን። ለዕድል። የነካነው የትኛውን ነበር?»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። የመጀመሪያውን፤ የመሐላውን፤ እውነተኛውን ነዋ! ይህን ብትለው ፊቱ እንደሚፈታ አውቃለች፤ ልጇን እንዲህ ባለ ቃል ነው እስከ ዛሬ ከብርድም ከሐዘንም ስትከልል የኖረችው። ወደ ኋላ ዞራ ሣሩ ላይ የተኙትን አየች። ያን ቀን የትኛው ሲታጠብ የትኛው እንደወጣ ለማስታወስ ሞከረች። ሁለቱም እኩል አርጅተዋል። እንዲያ አድርጋ የሠራቻቸው እሷ ነች።

«አላውቅም ልጄ» አለች።

ራሱን ነቀነቀ፤ የተቆጣ አይመስልም፣ የተጽናናም አይመስልም። ካሚዮኑ ላይ ወጣና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የስልክ ሣጥኑን ከጎኑ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አደረገው፤ አጠገቡ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተለቀቀ። ለእሷ ይሁን ለሌላ ሰው እማማ መርፌ አላወቀችም። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ማንም ሳይደግፋት ወጣችና ተቀመጠችበት።